ወደ ጥቁሩ ምድር ከመሄዳችሁ በፊት፦ የክሬተርስ ኦቭ ዘ ሙን ጉዞ አዘገጃጀት

እናቴ ከአዳማ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ወዳለው ክሬተርስ ኦቭ ዘ ሙን ፓርክ ወሰድናት። ከሶልት ሌክ ሲቲ ተነስተን ከአራት ሰዓት በላይ ነዳን። አርኮ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት እንደ ተጓዝን ቢጫ የነበረው ሜዳ ጠቆረ፤ ግራና ቀኙ ከሰል የተገለበጠበት መሰለ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ልጄ፣ ይህ እኮ መተሐራ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ እያየ ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሰው ክሬተርስ ኦቭ ዘ ሙን ሲደርስ እንግዳ አይሆንም። እዚህ የሚያስደንቀው ስፋቱ ነው። ላቫው፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የደረቀው አለት፣ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኗል፤ በሥሩም ሰው ቆሞ የሚሄድባቸው ዋሻዎች አሉ።

ያ የመጀመሪያ ጉዞ ግን አልተሳካም። የደረስነው በጁላይ ወር፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነበር። እናቴ ነጠላ ጫማ ተጫምታለች። ውኃችን ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ፣ መብራታችን የስልክ መብራት ብቻ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እኔ የተጫማሁት ጫማ ከአንድ ዓመት በፊት በሌላ ግዛት ዋሻ ውስጥ የገባሁበት ስለ ነበር ወደ ዋሻዎቹ መግባት አልተፈቀደልኝም። አብዛኛውን ነገር በመኪና መስኮት አይተን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ልብ የሚያጠግብ ቀን አሳልፌአለሁ። ሌላ ቤተሰብ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ በከንቱ እንዳይመለስ፣ ያዘጋጀሁበትን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በጋና ክረምት ስል ግን የአሜሪካውን ወቅት ማለቴ ነው።

1. ወሩን ምረጡ

በፓርኩ ውስጥ የሚዞረው የ7 ማይል መንገድ ለመኪና ክፍት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከኤፕሪል ማለቂያ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ነው። በክረምት በረዶ ይሸፍነዋል፤ ያኔ የሚገባው በእግርና በበረዶ መንሸራተቻ ነው። ቦታው በረሃ ቢባልም ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአዳማ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ እጅግ ይራራቃሉ።

ጁላይና ኦገስትን አልመክርም። አየሩ ራሱ የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ድንጋዩ ነው። ጥቁር አለት የፀሐይን ሙቀት ይውጣል፤ በበጋ እኩለ ቀን የላቫው ገጽ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል።

በጁን አጋማሽ የሚሄድ ሰው አበባ ያያል። በጥቁሩ ጠጠር ላይ ከጣት የማያልፉ ሐምራዊ አበቦች ምንጣፍ ይሆናሉ። እኔ ግን የምመርጠው ሴፕቴምበርን፣ በተለይም የእንቁጣጣሽን ሰሞን ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሚያበቃም ሰው ይቀንሳል።

ሴፕቴምበርን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በእንግሊዝኛ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አይገኝምና እዚህ ልንገራችሁ። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 22 ይውላል፤ ሙቀቱ ገና ባልበረደበት ጊዜ ማለት ነው። እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለምደዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ሲሆን ይችሉታል። በዚህ ድንጋይ ላይ ግን አደጋ ነው። ጾመኛ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጉዞውን ከጾሙ በኋላ አድርጉት። በሴፕቴምበርም ቢሆን ረቡዕና ዓርብን ዝለሉ።

2. ወደ ጫማ መደርደሪያችሁ ሂዱ

ይህን ደረጃ ከመኪናውም ከማረፊያውም በፊት ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ወደ ዋሻዎቹ ለመግባት ከጎብኚዎች ማዕከል የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ በነጻ ነው፤ ነገር ግን የፓርኩ ጠባቂ ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃችኋል፦ «ይህን ጫማ አድርጋችሁ፣ ይህን ልብስ ለብሳችሁ፣ ወይም ይህን ባትሪ ይዛችሁ ሌላ ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ገብታችኋል?» መልሱ አዎ ከሆነ ያ ዕቃ ወደ ዋሻው አይገባም።

ምክንያቱ የሌሊት ወፎች ናቸው። በ2006 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ዋሻ ውስጥ አፍንጫቸው ነጭ ሻጋታ ያወጣ የሌሊት ወፎች ታዩ። በሽታውን የሚያመጣው ቅዝቃዜ የሚወድ ፈንገስ ሲሆን፣ በክረምት እንቅልፋቸው ወቅት በአፍንጫቸውና በክንፋቸው ቆዳ ላይ ያድጋል። ወፎቹ በዚያ የተነሳ ያለ ጊዜያቸው እየነቁ ለክረምቱ ያጠራቀሙትን ስብ ይጨርሳሉ። በበረዶ ወራት የሚበላ ነፍሳት ስለሌለ በረኃብ ያልቃሉ። በሰሜን አሜሪካ በዚህ መንገድ ያለቁት በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሰውን አይጎዳም፤ ሰው ግን ዘሩን በጫማው ጭቃ ከግዛት ወደ ግዛት ይሸከመዋል። እኔ ጫማዬን አጥቤው ነበርና ለምን እንደሚከለከል በጊዜው አልገባኝም፤ የፈንገሱ ዘር ግን በልብስና በጫማ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በቤት እጥበት ለመጥፋቱም ማረጋገጫ የለም።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት በነበሩት ቀናት የእያንዳንዱን ሰው ጫማ፣ ሱሪ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የጀርባ ቦርሳና ባትሪ አንድ በአንድ አስቡ። በኒው ሜክሲኮ፣ በኬንታኪ፣ በቨርጂኒያም ይሁን በአገር ቤት በሶፍ ዑመር፣ ዋሻ የገባ ዕቃ ካለ ከነአካቴው ቤት ተዉት። ልጆችንም ጠይቋቸው፤ ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ወስዷቸው ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ሌላ ጫማ ያዙ። ስትጠየቁም እውነቱን ተናገሩ። ጠባቂው ዕቃችሁን አይፈትሽም፤ ጥበቃው ሁሉ የቆመው በጎብኚው ቃል ላይ ነው።

የጫማው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ሮበርት ሊምበርት የተባለ ሰው በ1920 ይህን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን በእግሩ ሲያቋርጥ አንድ ጓደኛና አንድ ውሻ ይዞ ነበር። በ17 ቀን 80 ማይል ተጓዙ። ጥቂት ቀን እንደሄዱ የውሻው መዳፍ በድንጋዩ ተልጦ መሸከም ግድ ሆነባቸው። ላቫው ሲቀዘቅዝ የተሰባበረ መስታወት ያህል ይሳላል። ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ ለካምፑ ብቻ ይሁን። ውሻ ያላችሁ ለዘመድ አደራ ብትሰጡት ይሻላል፤ በእግር መንገዶቹና በዋሻዎቹ ውሻ ማስገባት አይፈቀድም።

3. መብራትና ልብስ

በአንድ ሰው ሁለት መብራት ያዙ። አንደኛው በግንባር የሚታሰር ቢሆን እጃችሁ ነጻ ይሆናል፤ ሁለተኛው ተራ የእጅ ባትሪ ይበቃዋል። የስልክ መብራት አይቆጠርም፤ ሩቅ አያበራም፣ ስልኩም ከእጅ ወድቆ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ አይወጣም። የባትሪ ድንጋዩን ቀይራችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

ከዋሻው ጣሪያ የተንጠለጠለ ሹል ድንጋይ አለ፤ የብስክሌት ሄልሜት ያለው ይዞ ይሂድ። ረጅም ሱሪ ጉልበትን ከመላጥ ያድናል። በጁላይም ቢሆን ሹራብ ወይም ጃኬት ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ዋሻዎች ወለላቸው በበጋም በረዶ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በክረምት ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዋሻው ይሰምጣል፣ ሞቃቱ የበጋ አየር ቀላል ስለሆነ ሊያስወጣው አይችልም፣ በቀዳዳ የተሞላው አለት ደግሞ ቅዝቃዜውን ይጠብቀዋል። ለሌሊቱ ጋቢ ጫኑ፤ ከጋቢ የሚሻል አላገኘሁም።

4. ውኃና ስንቅ

በፓርኩ ውስጥ ምግብ ቤትም ማደያም የለም። የሚጠጣ ውኃ የሚቀዳው በጎብኚዎች ማዕከልና በካምፑ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር አስቡና ከተማ ውስጥ ሞልታችሁ ውጡ። ዝናብና የበረዶ ውኃ ቢወርድም በተሰነጣጠቀው አለት ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል እንጂ አይፈስም። ሊምበርት ያን ሁሉ ቀን ውኃ ያገኘው ርግቦች ወደየት እንደሚበሩ እየተከተለ፣ በጉድጓድ ውስጥ የቀረ በረዶና ውኃ እየፈለገ ነበር። እናንተ ውኃችሁን በመኪና ይዛችሁ ሂዱ።

የእኛ የመንገድ ስንቅ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ይመስላል። በሶ አይበላሽም፣ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፣ ጉልበት ይሰጣል። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በኪስ ይያዛል፤ ጨው ስላለው ላብ የወሰደውን ይተካል። ድርቆሽ ይዛችሁ ማታ በካምፑ ፍርፍር መሥራት ይቻላል። ጭኮ ግን ቅቤው በሙቀት ስለሚቀልጥ ለበጋ አይሆንም። ዋሻ ውስጥ ምንም አትብሉ፤ ፍርፋሪው እንኳ በዚያ ለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ባዕድ ነገር ነው።

ቡና ለማፍላት ያሰበ ሰው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይያዝ። በካምፑ እንጨት ማንደድ ክልክል ነው። ከሰል በተዘጋጀለት መጥበሻ ላይ ብቻ ይፈቀዳል፤ ደረቅ በሆነ ጊዜ እሱም ሊታገድ ስለሚችል ስትገቡ ጠይቁ።

5. መንገዱና ማደሪያው

ከቦይዚ የሚመጣ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከአይዳሆ ፎልስ የሚመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። ከሲያትልና ከዴንቨር የምትመጡ መንገዱን ለሁለት ቀን ከፍሉት። ቤንዚን አርኮ ወይም ኬሪ ላይ ሙሉ። አርኮ ከፓርኩ 18 ማይል፣ ኬሪ 24 ማይል ይርቃሉ። ስኮርታችሁ ነፋስ እንዳለው እዩ። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ከቤት አውርዱ።

መግቢያው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ሲሆን ሰባት ቀን ያገለግላል። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ፤ የትኞቹ ዋሻዎች ክፍት እንደሆኑም እዚያው ይገኛል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ካላችሁ ግን ምንም አትክፈሉ። በአሜሪካ ለሚኖሩ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የፌዴራል ፓርኮችን ሁሉ ለአንድ ዓመት ከነቤተሰብ የሚያስገባ ነጻ ወረቀት በኢንተርኔት ይሰጣል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ዓመቱ ያልፍባቸዋል።

ድንኳን ላለው ሰው በጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ በላቫው መካከል 42 ቦታ ያለው ካምፕ አለ፤ የሚያዘው ቀድሞ በደረሰ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይሞላል። ድንኳን የማይወድ ሰው አርኮ ውስጥ ቀላል ማረፊያ ያገኛል።

በአይዳሆ ፎልስ ወይም በብላክፉት በኩል የምትመጡ ከሆነ ከአርኮ በፊት አንድ ሕንፃ በመንገዳችሁ አለ። በዲሴምበር 20 ቀን 1951 ከኑክሌር ኃይል የመነጨ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት አምፖሎችን ያበራው እዚያ ነው። አሁን በበጋ ወራት በነጻ የሚጎበኝ ሙዚየም ሆኗል። አርኮም በጁላይ 17 ቀን 1955 በኑክሌር ኤሌክትሪክ የበራች የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ልጆች ካሏችሁ በመመለሻችሁ ቁሙበት።

6. ጠዋቱን ለኮረብታው ስጡ

ቀኑን ማደራጀት ያለባችሁ በፀሐይ ነው። ገላጣው ቦታ በጠዋት፣ ዋሻው በእኩለ ቀን፣ ሰማዩ በሌሊት። አብዛኛው ጎብኚ ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ መጀመሪያ ያደረግነው እኛም ያንኑ ነበር።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኢንፈርኖ ኮን ሥር ሁኑ። በአገር ቤት ለመንገድ ሥራ የሚነጠፈውን ቀይ አሽ ታውቁታላችሁ? ይህ ኮረብታ ሙሉ በሙሉ ከዚያ ዓይነት ጠጠር የተከመረ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ጥቁር ነው። ከምድር ሥር በጋዝ ተሞልቶ ወደ ሰማይ የተረጨ ላቫ በአየር ላይ ቀዝቅዞ ሲወርድ የተጠራቀመ ነው። ወደ ላይ 50 ሜትር ያህል ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፤ እግርም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዝግታ ውጡ።

ላይ ስትደርሱ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሩ። ኮረብታዎቹ በአንድ መስመር እንደ ተሰለፉ ታያላችሁ። መስመሩ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ስንጥቅ ነው። እሳተ ገሞራው የፈነዳው ከአንድ ተራራ አፍ ሳይሆን ከዚህ ስንጥቅ ነበር። ፍንዳታው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 2,000 ዓመት በፊት ድረስ በስምንት ዙር ተካሂዷል። የመጨረሻው ዙር ሲፈስ አክሱም ገና አልተነሣም፣ ወይም ገና መነሣቷ ነበር። ከስምጥ ሸለቆ ለመጣ ሰው የምድር መሰንጠቅ የታወቀ ነገር ነው፤ እኔም ስንጥቁን በዓይኔ ተከትዬ ያየሁት ከዚያ ጫፍ ላይ ነው።

ስትወርዱ በጠጠሩ ላይ ተራርቀው የበቀሉትን ነጫጭ ትንንሽ ተክሎች እዩ። ሰው ለክቶ የተከላቸው ይመስላሉ። የሚራራቁት ሥራቸው ውኃ ፍለጋ ዙሪያቸውን ሜትር ያህል ስለሚዘረጋ ነው። ከመንገዱ አትውጡ፤ አንድ እርምጃ ለብዙ ዓመት የደከመ ተክል ታጠፋለች።

ቀጥሎ ያሉት ስፓተር ኮንስ የሚባሉት ከላቫ ፍንጣቂ የተገነቡ ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። በአንደኛው አፍ ውስጥ በበጋም በረዶ ይታያል። እናቴን ያስደነቃት ከሁሉ ይልቅ ይህ ነበር። በ1969 ኦገስት ወር አላን ሼፐርድ፣ ኤድጋር ሚቸል፣ ዩጂን ሰርናንና ጆ ኤንግል የተባሉት ጠፈርተኞች እሳተ ገሞራ አለትን ማንበብ ለመማር ወደዚህ ፓርክ መጥተው ነበር። ከእነርሱ ሦስቱ በኋላ ጨረቃን ረግጠዋል።

ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ዴቪልስ ኦርቻርድ የሚባለው ግማሽ ማይል መንገድ የተነጠፈ ነው። በላቫው መካከል ስለሚያልፍ ከመኪና ሳይርቁ ሁሉንም ነገር ያሳያል። እናት አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን በጠዋት አድርጉት።

7. እኩለ ቀን ላይ ወደ ዋሻው

ዙሪያው መንገድ መልሶ መግቢያው ላይ ያወጣችኋል። ወደ ጎብኚዎች ማዕከል ገብታችሁ የዋሻ ፈቃዱን ውሰዱ፣ ውኃ ሙሉ፣ ከዚያ ወደ ዋሻዎቹ ማቆሚያ ንዱ። የእግር መንገዱ በገላጣ ላቫ ላይ ስለሚያልፍ ኮፍያ አድርጉ። የምትረግጡት አለት ብሉ ድራጎን ይባላል። ፀሐይ በጎን ስትመታው ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ቀለሙ የሚመጣው በላዩ ካለው ስስ፣ መስታወት መሰል ቅርፊትና በውስጡ ካለው የታይታኒየም ማዕድን ነው። ይህ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ፍሰቶች ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሲሆን ዕድሜው 2,000 ዓመት ያህል ነው። ዕድሜው የታወቀው ላቫው ባቃጠለውና በሥሩ በቀበረው ዕፅዋት ከሰል ነው።

ዋሻው እንዴት እንደ ተሠራ ለልጆቻችሁ ለማስረዳት አጥሚት ይበቃችኋል። ትኩስ አጥሚት ሲቀዘቅዝ ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ግን ቀጭን ሆኖ ይቆያል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የፈሰሰውም ላቫ ላዩ አየር ሲያገኘው ደረቀ። ሥሩ ግን በራሱ ቅርፊት እንደ ተሸፈነ ሙቀቱን ጠብቆ እንደ ወንዝ መፍሰሱን ቀጠለ። ምንጩ ሲቆም ቀሪው ላቫ ወደ ቁልቁለቱ ወረደና ባዶ ቱቦ ትቶ ሄደ። በግድግዳው ላይ በአግድም የምታዩዋቸው መስመሮች የላቫው ወንዝ የቆመባቸው ከፍታዎች ናቸው። ጣሪያውን በእጅ አትንኩ፣ የተንጠለጠለውን አትስበሩ።

መጀመሪያ ኢንዲያን ተነል ግቡ። በደረጃ ይወረዳል። ቁመቱ 9 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር፣ ርዝመቱ 240 ሜትር ያህል ስለሆነ ዋሻ ከመባል ይልቅ የተቀበረ አዳራሽ ቢባል ይሻላል። ጣሪያው በየቦታው ስለ ተናደ የቀን ብርሃን ይገባል፤ ጨለማ የሚፈራ ልጅም አይጨነቅም። ወለሉ ግን የወደቀ ድንጋይ ክምር ነው፤ እጅና እግር ይጠይቃል። በጫፉ በጠባብ ቀዳዳ መውጣት ይቻላል፤ የማይመቸው በገባበት ይመለስ። በአካባቢው ሾሾኒ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የደረደሯቸው የድንጋይ ክቦች አሉ። የሌላ ሰው ቅርስ ነውና በእጅም በእግርም አትንኩት።

ከዚያ በኋላ የምትገቡባቸው ዋሻዎች ፍጹም ጨለማ ናቸው። ቢዩቲ ኬቭና ቦይ ስካውት ኬቭ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የቦይ ስካውት መግቢያ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሲሆን ወለሉም በረዶ አለው፤ ለሕፃናትና ጉልበት ለሚያማቸው አይሆንም። ለሌሊት ወፎች ሲባል በተወሰነ ወቅት የሚዘጉ ስላሉ ጠባቂው ዛሬ ክፍት ነው ያላችሁን ብቻ ግቡ። ስትገቡ ይህን ጠብቁ፤ ብቻችሁን አትግቡ። አንድ ሰው ውጪ ቀርቶ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ይወቅ። ከመሄዳችሁ በፊት ቆማችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። የሌሊት ወፍ ካያችሁ መብራቱን ከእርሷ አዙራችሁ በዝምታ እለፉ።

በሁለተኛው ጉዞ ቢዩቲ ኬቭ ውስጥ ሁላችንም መብራት አጥፍተን አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ቆምን። ልጄ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውኃ ብቻ ይሰማል። እናንተም አድርጉት፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ሰው ማብሪያውን በጣቱ ይዞ መቆሙን አረጋግጡ።

8. ለሌሊቱ ቆዩ

ከቻላችሁ በዚያው ቀን አትመለሱ። ፓርኩ ከ2017 ጀምሮ ሰማያቸው ጨለማ እንዲሆን ከሚጠበቁት ዓለም አቀፍ ፓርኮች አንዱ ነው። ጨረቃ በማትወጣበት ሰሞን ከሄዳችሁ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ታያላችሁ። እናቴ በልጅነቷ ከብት ስትጠብቅ ካየችው በኋላ እንዲህ ያለ ሰማይ አላየችም። ነጩን ባትሪ አጥፉ፤ ቀይ ብርሃን ያለው መብራት ቢኖራችሁ እሱን ተጠቀሙ። ጋቢውን አሁን አውጡት።

9. ከመመለሳችሁ በፊት

ልጆቹ ኪሳቸውን ያራግፉ። ፓርኩ በሜይ 2 ቀን 1924 በፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ አዋጅ ከተከለለ ጀምሮ ከዚህ ምድር አንዲት ጠጠር እንኳ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው። በጫማ ሶል የተሰካውን ጠጠር እዚያው አራግፉት።

ቤት ስትደርሱ ዋሻ የገባችሁበትን ጫማና ልብስ እጠቡና በአንድ ከረጢት ለብቻው አስቀምጡት። በላዩ ላይ በትልቁ «የክሬተርስ ኦቭ ዘ ሙን ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። ወደዚያው ስትመለሱ ይለበሳል፤ ወደ ሌላ ዋሻ ግን አይሄድም። የእኛ ከረጢት ጋራዥ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ከቀጣዩ እንቁጣጣሽ በፊት የማወርደው የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።